መዥገሩ ሳይገኝ ባትሪ አትግዢ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «2007 ሞዴል ቪትዝ አለኝ። ሜክሲኮ አካባቢ በምኖርበት ሕንፃ ቤዝመንት ውስጥ ዓርብ ማታ 12 ሰዓት አቆማታለሁ። ሰኞ ጠዋት 1 ሰዓት ስወርድ ጠቅ እንኳ አትልም። በሥራ ቀን ግን ጠዋት ጠዋት ያለ ችግር ትነሳለች። በስድስት ወር ሁለት ባትሪ ገዛሁ። አንድ ጋራዥ ባትሪ የሚሞላው ዲናሞ ነው ብሎ አስቀየረኝ፣ ምንም ለውጥ የለም። ስክሪን፣ አላርምና ጂፒኤስ አስገጥሜያለሁ። ሦስተኛ ባትሪ ልግዛ ወይስ ልሽጣት?»

እህቴ፣ አትሽጫት። ባትሪም አትግዢ፣ ቢያንስ እስከ ቀጣዩ ሰኞ።

የመልሱን ግማሽ ራስሽ ጽፈሽዋል። የጠቀመኝ ሰዓቱን መጥቀስሽ ነው። ብዙ ሰው «ባትሪዬ ይሞታል» ብሎ ብቻ ይጠይቅና ሐኪም ቤት ሄዶ «አሞኛል» ብሎ ዝም እንደሚል በሽተኛ ይሆናል። እስቲ አብረን እናስላው።

ከዓርብ ማታ 12 እስከ ሰኞ ጠዋት 1 ድረስ 61 ሰዓት ነው። የቪትዝ ባትሪ ትንሽ ነው፣ ብዙውን ጊዜ 35 አምፔር አካባቢ ይገጠምላታል። ሻጮቹ አምፔር ብለው ያሳጥሩታል እንጂ ሙሉ ስሙ አምፔር ሰዓት ነው፣ 1 አምፔር ለ35 ሰዓት መስጠት ይችላል እንደማለት። ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ ለማዞር ደግሞ ብዙ ጉልበት ስለሚጠይቅ ባትሪው ሙልጭ ብሎ ማለቅ የለበትም፣ ከግማሽ በታች በደንብ ከወረደ በቃ። እንበልና 22 አምፔር ሰዓት ጠፋ። 22ን ለ61 ስታካፍዪው 0.36 አምፔር ይመጣል። አንዲት 5 ዋት አምፖል ሌት ተቀን ብትበራ 0.4 አምፔር ገደማ ትወስዳለች። ስለዚህ የምንፈልገው የአንዲት ትንሽ አምፖል ያህል የሚጠጣ ነገር ነው። ከብት ላይ ተጣብቆ ቀስ እያለ ደም እንደሚመጥ መዥገር አድርገሽ አስቢው። ባንድ ሌሊት አይገድልም፣ ግን አይላቀቅም።

በሥራ ቀን ለምን እንደምትነሳም ይኸው ስሌት ይነግርሻል። ማታ የምትቆመው 13 ሰዓት ገደማ ነው፣ በ0.36 ሲባዛ 4.7 አምፔር ሰዓት። ይህን ባትሪው ይችለዋል። ችግሩ ቀን ቀን መንገድ ተዘግቶብሽ፣ ጃም ውስጥ እየተንፏቀቅሽ፣ መብራትና ቬንትሌተር ከፍተሽ የምትነጂው ግማሽ ሰዓት ያንን ሙሉ በሙሉ አይመልሰውም። ዓርብ ማታ ስታቆሚያት ባትሪው ቀድሞውኑ ጎድሎ ነው። በዚያ ላይ 61 ሰዓት ሲጨመርበት አለቀ።

ልብ በይ፣ መኪና ተዘግታ ቆማም ትንሽ ትጠጣለች፣ ያ በሽታ አይደለም። ሰዓቱ፣ የኮምፒውተሩ ማስታወሻ፣ የቁልፍ ሪሞት ተቀባዩ ይህን ያህል ይወስዳሉ። ከ20 እስከ 50 ሚሊአምፔር (ሚሊአምፔር የአምፔር አንድ ሺሕኛ ነው) ድረስ ጤነኛ ነው እንላለን። 50 ሚሊአምፔር ለ61 ሰዓት 3 አምፔር ሰዓት ነው፣ አይሰማሽም። ያንቺ ግን ከዚያ ሰባት እጥፍ ገደማ ይመስላል።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ምንም ብር የማያስወጣውን ፈተና ልስጥሽ። የፊታችን ዓርብ ማታ መኪናዋን ካቆምሽ በኋላ ኮፈኑን ከፍተሽ የባትሪውን ኔጌቲቭ፣ ማለትም የመቀነስ ምልክት ያለበትን ጥቁሩን ሽቦ፣ በ10 ቁጥር ቁልፍ ፍቺውና ወደ ጎን አድርጊው። ፖዘቲቩን መጀመሪያ እንዳትፈቺ፣ ቁልፉ ቦዲ ከነካ ብልጭታው ያስደነግጥሻል። ሰኞ ጠዋት መልሰሽ እሰሪውና አስነሺ። ከተነሳች ባትሪው ደህና ነው፣ የሚጠጣው መኪናው ላይ ያለ ነገር ነው። ካልተነሳች ባትሪው ራሱ ከውስጥ ይፈሳል። በዚህ አንድ ፈተና ብቻ ስንት ሰው ከስንት ወጪ እንደሚድን! ግን መካኒክ ጋ ስትሄጂ ማንም አይነግርሽም፣ ምክንያቱም የሚሸጥ ነገር የለበትም። ሰዓቱና የሬዲዮ ጣቢያዎቹ ይጠፋሉ፣ አላርሙም የራሱ ትንሽ ባትሪ ካለው ሽቦውን ስትፈቺ ሊጮህ ይችላል፣ ዘበኛውን ቀድመሽ አስጠንቅቂው።

ቴስተር፣ ማለትም የቮልትና የአምፔር መለኪያ፣ ካለሽ ወይም መበደር ከቻልሽ ሁለት ቁጥር ጨምሪ። ሞተሩ ጠፍቶ ጥቂት ሰዓት የቆየ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል። 12.2 ማለት ግማሽ፣ 12 ማለት ወደ ሩብ የወረደ ነው። ከዚያ ሞተሩን አስነስተሽ ለኪ፣ ከ13.8 እስከ 14.5 ካሳየ ዲናሞው እየሞላ ነው። ይህ ልኬት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ዲናሞሽን ያስቀየረሽ ሰው ይህንን ለክቶ ቁጥሩን ካላሳየሽ የነገረሽ ግምቱን ነው። ሶማሌ ተራ ከሚሸጡት ያገለገሉ ዲናሞዎች አንዳንዱ ከወለቀው የባሰ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ተናድጃለሁ፣ ይቅርታ።

እሺ፣ ባትሪው ደህና ሆነ እንበል። አሁን ጅረቱን፣ ማለትም ከባትሪው የሚወጣውን የኤሌክትሪክ ፍሰት፣ እንለካለን። የሰው ሁሉ ስህተት ያለው እዚህ ስለሆነ በደንብ አንብቢ።

የቴስተሩን ቀይ ገመድ ከቮልት ቀዳዳ አውጥተሽ 10 አምፔር ወደሚለው ቀዳዳ ታስገቢያለሽ፣ መዞሪያውንም ወደ 10 አምፔር ዲሲ። ከዚያ የኔጌቲቩን ሽቦ ፈትተሽ አንዱን የቴስተር ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ፣ ሌላውን በተፈታው ሽቦ ላይ ታደርጊያለሽ። ከባትሪው የሚወጣው ሁሉ በቴስተሩ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። ሁለት ነገር አደራ። ቴስተሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ መኪናዋን ለማስነሳት እንዳትሞክሪ፣ ቁልፍም እንዳታዞሪ። ሁለተኛ፣ ቀዩ ገመድ አምፔር ቀዳዳ ላይ እንዳለ ጫፎቹን በባትሪው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ላይ እንዳታደርጊ። ርካሾቹ ቴስተሮች የ10 አምፔር ቀዳዳቸው ፊውዝ የለውም፣ ገመዱ እጅሽ ላይ ይቀልጣል።

በሮቹ መዘጋት አለባቸው፣ ወይም መኪናዋ ተዘግተዋል ብላ ማመን አለባት። የዚያ ዘመን ቶዮታ ብዙው በር ፍሬሙ ላይ በጎማ የተሸፈነ የሚጫን ቁልፍ አለው። የፊውዝ ሳጥኑ ዳሽቦርድ ሥር ስለሆነ የሾፌሩን በር ከፍተሽ ትሠሪያለሽ፣ እና ያንን ቁልፍ በፕላስተር ጥርቅም አድርገሽ ጫኚው። የጣሪያው መብራት ከጠፋ ተሳክቶልሻል። የመኪናውን ቁልፍ ደግሞ ከመኪናዋ አርቂ።

ቀጥሎ የሚመጣው ሥራ መጠበቅ ነው።

እውነቴን ነው። ሽቦውን መልሰሽ ስታገናኚ ኮምፒውተሮቹ ይነቃሉ፣ 1 ወይም 2 አምፔር ሊያሳይሽ ይችላል። ያ መዥገሩ አይደለም። ቪትዝ ብዙ ኤሌክትሮኒክስ ስለሌላት ቶሎ ትተኛለች፣ ግን ቢያንስ 30 ደቂቃ ስጫት። አዳዲሶቹ መኪኖች አንድ ሰዓት ሊፈጁ ይችላሉ። ቡና ጠጪ፣ ሦስተኛው ስኒ ላይ ስትደርሺ ተመለሺ።

እኔ ራሴ በዚህ ተሸውጃለሁ። ተክለሃይማኖት አካባቢ ሥራ በጀመርኩባቸው ዓመታት አንድ ሰውዬ የኮሪያ መኪና አመጣልኝ። ቴስተሬን ገጥሜ 1.8 አምፔር አየሁና «አገኘሁት!» አልኩ። ግማሽ ቀን ዳሽቦርድ ስፈታ ዋልኩ። ፊውዝ እነቅላለሁ፣ ቁጥሩ ይወርዳል፣ ስመልሰው ይጨምራል፣ ሌላ እነቅላለሁ፣ ደግሞ ሌላ ቁጥር። በየአምስት ደቂቃው በር እየከፈትኩ መኪናውን እየቀሰቀስኩት እንደነበር የገባኝ ምሳ በልቼ ስመለስ ነው። በር ተዘግቶ ማንም ሳይነካው አንድ ሰዓት ቆይቶ ነበር። ቴስተሩን ሳየው 0.03። መኪናው ምንም የለበትም። የሰውዬው ባትሪ አምስት ዓመት ያገለገለ ነበር፣ በቃ አርጅቶ ነው። ዳሽቦርዱን በነጻ መልሼ ገጠምኩ፣ አንድ ብሎን ግን ተርፎኝ ነበር።

ያንቺ መኪና ላይ 30 ደቂቃ ቆይቶ 0.05 እና ከዚያ በታች ካሳየ መዥገር የለም፣ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ የሚነቃ ነው። 0.3 ወይም 0.4 ካሳየ ስሌታችን ትክክል ነው፣ አሁን በየት በኩል እንደሚጠጣ እንፈልጋለን።

የተለመደው መንገድ ፊውዝ አንድ በአንድ እየነቀሉ ቁጥሩ የሚወርድበትን ማየት ነው። ለቪትዝ ይሠራል። እኔ ግን ሳይነቀል መለካቱን እመርጣለሁ፣ ምክንያቱም ፊውዝ ስትነቅዪና ስትመልሺ የተኛውን ትቀሰቅሻለሽ። ፊውዙ ጀርባ ላይ ሁለት ትንንሽ የብረት ነጥቦች አሉ። ለዚህ ባትሪው እንደወትሮው ታስሮ ይሁን። ቀዩን ገመድ ወደ ቮልት ቀዳዳ መልሺ፣ መዞሪያውን 200 ሚሊቮልት ላይ አድርጊና መኪናዋ እስክትተኛ ጠብቀሽ ሁለቱን ነጥቦች ንኪ። ጅረት የማያልፍበት ፊውዝ 0.0 ያሳያል። የሚያልፍበት ትንሽ ቁጥር ያሳያል። 10 አምፔር ፊውዝ ላይ 1 ሚሊቮልት ማለት 130 ሚሊአምፔር ገደማ ነው። ስለዚህ ያንቺ መዥገር እዚያ ካለ ከ2 ሚሊቮልት በላይ ታያለሽ። ሳጥኑ ሁለት ነው፣ አንዱ ዳሽቦርድ ሥር፣ ሌላው ኮፈን ውስጥ። ሁሉንም ለመጨረስ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። የተገኘው ፊውዝ ምን እንደሚመግብ ክዳኑ ላይ ተጽፏል። የጃፓን ገበያ መኪና ስለሆነች ጽሑፉ ጃፓንኛ ሊሆን ይችላል፣ በስልክሽ ካሜራ አስተርጉሚው።

ግን ብወራረድ እዚህ ሁሉ አትደርሺም። መዥገሩ በኋላ ከተጨመሩት ዕቃዎች አንዱ ነው ባይ ነኝ። ጋራዤ የሚመጣው የዚህ ዓይነት ጉዳይ አብዛኛው እንዲያ ነው። ፋብሪካ የሠራው ሽቦ ይህን ያህል አያስቸግርም፣ ሰው ቆርጦ በፕላስተር የጠቀለለው ነው የሚያስቸግረው። ስለዚህ ፊውዝ ከመንካትሽ በፊት የባትሪውን ፖዘቲቭ እይ። ከፋብሪካው ወፍራም ሽቦ ሌላ ቀጫጭን ቀይ ሽቦዎች ተጠምጥመው ካየሽ እነሱ ከፊውዝ ሳጥኑ ውጪ ናቸው፣ ሳጥኑን ስትለኪ ብትውዪ አታገኚያቸውም። አምፔሩን እየለካሽ ሳለ አንድ በአንድ አላቅቂያቸው፣ ቁጥሩ ቧ ብሎ ከወረደ እሱ ነው።

ከሦስቱ ዕቃዎችሽ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ስክሪኑን ነው። ስክሪን ሁለት የፖዘቲቭ ሽቦ አለው። ቢጫው ማስታወሻውን እንዲይዝ ሁልጊዜ ኃይል ያገኛል፣ ቀዩ ግን ቁልፍ ሲዞር ብቻ ማግኘት አለበት። ገጣሚው ቀዩ የሚሄድበትን ሽቦ መፈለግ ሲታክተው ሁለቱንም ጠምዝዞ ቢጫው ላይ ያስራቸዋል። ይሠራል፣ ይዘፍናል፣ ካሜራውም ይበራል፣ ደንበኛም ደስ ብሎት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ስክሪኑ ቁልፍ መውጣቱን በምን ይወቅ? የስክሪኑን ማጥፊያ ተጭነሽ ስታጠፊው መስታወቱ ይጨልማል እንጂ ውስጡ እንደነቃ ነው። መፈተኛው ቀላል ነው። ሞተሩን አጥፍተሽ የመኪናውን ቁልፍ ስታወጪ ስክሪኑ በራሱ ይጠፋል ወይስ አንቺ ነሽ የምታጠፊው? አንቺ ከሆንሽ መዥገሩን አግኝተነዋል ማለት ይቻላል። መፍትሔውም ቀዩን ሽቦ ነጥሎ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ወደሚያገኝ መስመር፣ ለምሳሌ ወደ ሲጋራ መለኮሻው፣ ማዛወር ነው። በፊውዝ አድርጎ ይግጠም በይው። በራሱ እየጠፋም ከጠጣ ሴቲንጉ ውስጥ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን የእንቅልፍ ሁነታ አጥፊው፣ ጠዋት ሲከፈት ትንሽ ይዘገያል እንጂ ባትሪሽን ይተውልሻል።

ጂፒኤሱ ለብቻው ይህን ያህል አይጠጣም። ግን ያንቺ ነገር አንድ ልዩነት አለው፣ ቤዝመንት ውስጥ ነው የምታቆሚው። ኔትወርክ ያጣ ጂፒኤስ ልክ ኔትወርክ እንደሌለበት ገጠር እንደገባ ስልክ ነው፣ ሲፈልግ ያድራል፣ ፍጆታውም ይጨምራል። አንድ ቅዳሜና እሑድ ውጪ አቁመሽ ለውጡን እይ። አላርሙ ትንሽ ነው የሚወስደው፣ ሳይረኑ ውሃ ካልገባበት በስተቀር።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። የፍሬን መብራት ፔዳሉ ላይ ያለችው ትንሽ ላስቲክ ስትሰባበር ሌሊቱን ሙሉ በርቶ ያድራል፣ አሮጌ ቶዮታ ላይ ብዙ አይቻለሁ። ግን ሁለቱ አምፖሎች ብቻ ከ3 አምፔር በላይ ስለሚወስዱ ባትሪሽ ባንድ ሌሊት ነበር የሚያልቀው፣ ያንቺ አይመስለኝም። የኋላ በር ውስጥ ያለችው አምፖል ግን ልኳ 5 ዋት ነው፣ ያልኩሽን ቁጥር ታመጣለች። በሩን ከመዝጋትሽ በፊት ስልክሽን ቪዲዮ ላይ አድርገሽ ውስጥ ተዪውና ከዘጋሽ በኋላ መብራቷ መጥፋት አለመጥፋቷን እይ። ቤዝመንቱ ጨለማ መሆኑ ደግሞ ጠቅሞሻል። የሕንፃውን መብራት አስጠፍተሽ መኪናዋን ዙሪያዋን ተመልከቺ። አንዴ አንድ ዘበኛ ነው «ጋሼ፣ ከወንበሩ ሥር የሆነች ሰማያዊ ነገር ሌሊት ትበራለች» ብሎ የነገረኝ፣ የተረሳ አምፕሊፋየር ነበር።

ዲናሞው ራሱም ይጠጣል፣ ብዙ ሰው ይህን አያውቅም። ውስጡ ያሉት፣ ጅረት በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት ዳዮዶች ሲበላሹ ጅረቱ ከባትሪው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ቀን ቀን ግን እየሞላ ሊታይ ይችላል። የተቀየረልሽ ዲናሞ ያገለገለ ከሆነ ፈትሺው። ሌሊቱን ሙሉ የቆመችውን መኪና ሳታስነሺ ዲናሞውን በእጅሽ ንኪ፣ ሌላው ብረት ቀዝቅዞ እሱ ብቻ ሞቅ ካለ አገኘሽው። ካልሞቀም በርግጠኝነት ለማወቅ ባትሪውን ፍቺ፣ ወፍራሙን ሽቦ ከዲናሞው ጀርባ አውልቂና በጨርቅ ጠቅልዪ፣ እንደገና ለኪ። ይህንን ካልደፈርሽ ለባለሙያ ተዪው።

ብርድ ነው የሚሉሽን አትስሚ። የአዲስ አበባ የኅዳር ብርድ ጤነኛ ባትሪ በሁለት ቀን አይገድልም፣ ቤዝመንት ውስጥ ደግሞ ጭራሽ።

መሸጡን በተመለከተ፣ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል፣ ስለዚህ ደህና ቪትዝ ይዘሽ በአንድ ሽቦ ምክንያት በርካሽ አትልቀቂያት። የኤሌክትሪክ መኪና ብትገዢም አታመልጪውም። እነሱም ከትልቁ ባትሪ ሌላ ትንሽ 12 ቮልት ባትሪ አላቸው፣ እሷ ከሞተች በሩ እንኳ ላይከፈት ይችላል። መዥገር አፈላለጉም ያው ነው፣ ብርቱካንማ ቀለም ያላቸውን ወፍራም ኬብሎች ግን ማንም ሠፈር መካኒክ እንዳይነካቸው፣ ገዳይ ቮልቴጅ ነው ያለባቸው።

መዥገሩን ካገኘሽ በኋላ ባትሪውን በመንዳት እሞላዋለሁ አትበይ። ቻርጀር ላይ አንድ ሌሊት ይደር። ከዚያ አንድ ሰው ቁልፍ ሲያዞር አንቺ ቴስተሩን ቮልት ላይ አድርገሽ ባትሪው ላይ ያዢ። ሞተሪኖው እየዞረ ሳለ ቁጥሩ ከ9.6 በታች ካልወረደ ባትሪው ገና ነው፣ አትቀይሪው። ከወረደ ደጋግሞ ባዶ መሆኑ ጎድቶታል፣ ያኔ ሦስተኛውን ግዢ።